ሁለተኛው ስልክ ሲጮህ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ሳታውቀው አፈር ለብሳለች። ለፓስተራችን አልነገርኩትም፤ ስንት ጊዜ "ጋሽ ዘለቀ፣ በልብዎ የያዙት ነገር አለ እንዴ?" ብሎኛል፤ "ጉልበቴን ነው የሚያመኝ" ብዬ አልፌዋለሁ። ለወንድሜ ለበላይ አልነገርኩትም። ልነግረው የሚገባኝ ግን እሱ ነበር። ጊዜም አላጣሁም፤ ወንበሬን ከአልጋው አጠግቼ ወራት ተቀምጫለሁ። እሱም ሄደ። እንግዲህ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ፣ የማላውቃችሁ። ለማያውቁት ሰው መናዘዝ ይቀላል ይባላል። አይቀልም።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ ታገሡኝ። ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።

ነገሩ የሆነው ኢንተርኔት የሚባለው በየቤቱ ሳይገባ፣ እዚህ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሌክ ሲቲ በሚባለው ሰፈር እኖርበት በነበረው ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ቤቱን የያዘው ሳምሶን የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ልጅ ነበር። እኔ ከላይ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ፤ ሚስቴ ገና ከአገር ቤት አልመጣችም። ሳምሶን ምድር ቤቱ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር አቁሞ "ቦርድ" ይለዋል። ሰው ቤቱ ተቀምጦ ከራሱ ኮምፒውተር በስልክ ይደውላል፤ ከእኛው ጋር ይገናኝና ገብቶ የተጻፈውን ያነባል፣ እሱም ይጽፋል። የአገር ቤት ወሬ አለ፣ ቤት ፈላጊ አለ፣ የጸሎት ርዕስ አለ፣ ቀልድ አለ። ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ፊደሉ ግን የፈረንጅ። የእኛ ፊደል ያኔ እዚያ ውስጥ አልነበረም።

መጀመሪያ የነበረው አንድ ስልክ ብቻ ነው። አንዱ ከገባ ገባ፤ ሌላው ሲደውል "ተይዟል" ይባላል። ሰው ተኮራረፈ። "እገሌ ገብቶ እንቅልፍ ወስዶታል" የሚል ስሞታ በዛ። ሳምሶን ሦስት መስመር አስጨመረ። ለሰው የምንሰጠው ቁጥር ያው አንድ ነው። አንደኛው መስመር ከተያዘ የስልክ ኩባንያው ጥሪውን ራሱ ወደ ሁለተኛው ያሻግረዋል፤ ሁለተኛው ከተያዘ ወደ ሦስተኛው፣ ከዚያ ወደ አራተኛው። በየመስመሩ ላይ ጥሪውን ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያቀብል ሞደም የሚሉት ጠፍጣፋ ሳጥን አለ። ኮምፒውተሩ ግን ያው አንድ ነው።

"አንድ ሆኖ አራት ሰው እንዴት ያስተናግዳል?" ብዬ ሳምሶንን ጠየቅኩት።

"ጋሽ ዘለቀ፣ ምግብ ቤት አንድ አስተናጋጅ አራት ጠረጴዛ ሲይዝ አላዩም? አንዱ ሜኑ ሲያይ ለሌላው ውሃ ያቀርባል። ይሄም እንደዛ ነው። በጣም ስለሚፈጥን ግን ሁሉም ለእኔ ብቻ ነው የቆመው ይላል።"

"ሁሉም ባንድ ላይ ከተጣሩስ?"

"ያኔማ ያልበዋል!"

እውነቱን ነበር። አራቱም በአንድ ላይ ሲጽፉ ፊደሉ እንደሚያፈስ ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ቢሆንም ደስ ይል ነበር። አራት ሰው ከአራት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ገብቶ ይጨዋወታል። ያኔ ይህ ተአምር ነበር።

እኔ ኤርፖርት አውሮፕላን ውስጡን አጸዳ ነበር፤ ከአመሻሽ ጀምሮ። ቀን ቀን ቤት ነኝ። ሳምሶን ደግሞ ቅዳሜን ጨምሮ ቀን ይሠራል። ስለዚህ ማሽኑን ለእኔ አደራ ሰጠኝ። አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠናኝ፤ እሱን ካልነገርኳችሁ በደሌ አይገባችሁም።

ሞደሙ አንዳንዴ ይደርቃል። ሲደርቅ ስልኩ ይጮሃል እንጂ የሚያነሳው የለም። የስልክ ኩባንያው ደግሞ የሚያየው መያዝ አለመያዙን ብቻ ነው፤ የደረቀውን መስመር ነጻ ነው ብሎ ደዋዩን እዚያው ያቆመዋል። ከኋላ ሦስተኛውና አራተኛው ባዶ ሆነው እያሉ፣ ደዋዩ የሞተው በር ላይ ሲያንኳኳ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው። በየመስመሩ ላይ አንድ አሮጌ ስልክ ተሰክቷል። የዚያን ስልክ እጀታ አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ማጋደም። ያኔ መስመሩ ተይዟል ይባላል፤ የሚቀጥለው ጥሪ የሞተውን ዘሎ ወደ ደህናው ይሄዳል።

"ማንሳት ብቻ ነው ጋሽ ዘለቀ። ኦኬ?"

"ኦኬ" አልኩት። ማንሳት ብቻ።

ሌላም ሥራ ነበረኝ። አዲስ ሰው ሊገባ ሲፈልግ ስሙንና ስልኩን ይተዋል፤ እኛ በድምፅ ደውለን እውነተኛ ሰው መሆኑን እናረጋግጣለን። ሳምሶን "የእርስዎ ድምፅ ሰው አያስደነግጥም" ብሎ ይህንንም ለእኔ ሰጠኝ። ቁጥሩን ለሌላ ሰው መስጠት ክልክል ነው።

አንድ ቀን ጤዛ ተብላ መጠራት የምትፈልግ አዲስ ሰው መጣች። ሰዉ ሁሉ እዚያ ውስጥ የቅጽል ስም ነበረው። ቡሪየን የሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤቷ ደወልኩ። ያነሳችው ጠና ያለች ሴት ናት።

"አክስቷ ነኝ" አለችኝ።

"ልጅቷን ራሷን ባናግራት?"

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አትሰማም ወንድሜ" አለችኝ። "ከሕፃንነቷ ጀምሮ። አትናገርም፤ ትጽፋለች እንጂ። እባክዎ፣ እዚያ ውስጥ እንኳ እንደ ሰው ትሁን። ለማንም አይንገሩብኝ።"

"በጌታ ፊት፣ አልናገርም" አልኳት። አልተናገርኩምም። ምስጢሯን በአፌ አላወጣሁም። በእጄ ነው የበደልኳት።

አሁን ወደ በላይ ልምጣ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ሊንውድ ይኖራል፣ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ይደረድራል። ሲሠራ ያፏጫል፣ ሲነዳ ያፏጫል፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንኳ ካልቆነጠጥኩት አያቆምም። ቦርዱ ላይ ስሙን "ፉጨት" አለው። ያገለገለ ኮምፒውተር አግኝቶ ከክፍሉ ይደውላል። እዚያ ውስጥ ነው ከጤዛ ጋር የተገናኙት።

እኔ ዘንድ ባለው ስክሪን ላይ በየመስመሩ የሚጻፈው ሁሉ ይታያል። ሳምሶን የሰው ጨዋታ እንዳላነብ አስጠንቅቆኛል። አነብ ነበር። የማታ ትምህርት ገብቼ የለቀምኳትን ፊደል በጣቴ እየተከተልኩ አነብ ነበር። አንድ ቀን እሷ "ፉጨት ምን ይመስላል?" ብላ ጻፈችለት። ቀልድ መሰለው።

"ከንፈርን አሞጥሙጦ ንፋስ መላክ ነው" አላት።

"ለማን?"

"ለሚሰማው።"

"ለእኔ በጽሑፍ ላክልኝ" አለችው።

እሱ ምንም አላወቀም። እኔ ግን አውቅ ነበር። ያን ጊዜ አዘንኩላት፤ እውነቴን ነው። ታዲያ ያዘነላት ሰው በኋላ እንዲህ ያደርጋል? ይህን ጥያቄ ራሴን ስጠይቅ ነው ያረጀሁት።

አንድ እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ በላይ መኪናዬ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

"ጋሼ፣ ሚስት ላገባ ነው።"

"እሰይ! ማንን?"

"ጤዛን።"

"የት አይተሃት?"

"አላየኋትም።"

"ድምፅዋንስ?"

"አልሰማሁትም። ስልኳን አልሰጥም ብላኛለች።"

"ታዲያ ምኗን ነው የምታገባው?"

"ፊደሏን!" ብሎ ሳቀ። እኔም ከአንገት በላይ ሳቅኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው አለኝ፤ አክስቷ ወደ ሌላ ስቴት ልትዛወር ነው፣ እሷንም ይዛት ልትሄድ። ጤዛ ቀጠሮ ሰጥታዋለች። "ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ግባ። አንድ የምነግርህ ነገር አለኝ። አውቀኸው ካልጠላኸኝ የቤታችንን አድራሻ እሰጥሃለሁ፤ እሑድ ጠዋት ሳንሄድ ትመጣለህ።" ምን እንደምትነግረው እኔ አውቃለሁ። በዚህ ከተማ ከአክስቷ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለምን አደረግኩት? እናታችን ስትሞት "በላይን ድረህ፣ ልጆቹን አቅፈህ" ብላኛለች። በሰፈራችን የማይሰማ ልጅ ያለው ቤት፣ እንግዳ ሲመጣ ልጁን ጓዳ ይከተዋል። ለበላይ ከመዘምራኑ አንዲት ልጅ አይቼለት ነበር፤ ለወላጆቿም ፍንጭ ሰጥቻለሁ። ይህን ሁሉ ሰበብ ለራሴ ስቆጥር ኖሬያለሁ። ከሥር ያለው ግን አንድ ነው። "ዱዳ ለወንድሜ?" አልኩ በልቤ። ቃሉን የምጽፈው አስቀያሚነቱ እንዲታያችሁ ነው። ያልኩት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ወንድሜ እምቢ ይላታል ብዬ ባምን ኖሮ ዝም ብዬ በተውኩት። የፈራሁት እሺ እንዳይላት ነው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን አንድ ጸሎት አለ። ለሥራም ይሁን ለቪዛ፣ ለጋብቻም "ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህ ካልሆነ በሩን ዝጋው" እንላለን። በዚያች ቅዳሜ ጠዋት ተንበርክኬ ይህንን ጸለይኩ። ደጋግሜ ጸለይኩ። ስነሳ ግን እግዚአብሔርን አልጠበቅኩትም።

በላይ ከቀጠሮው ቀደም ብሎ ደወለ፤ አንደኛውን መስመር ያዘ። ቀይ መብራቱ በራ። እጄን ከሁለተኛው ሞደም ጀርባ አስገብቼ አጠፋሁት። አንዲት ቁልፍ ናት። ጠቅ አለች። ከዚያ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሁለተኛው ስልክ ጮኸ።

ደህና ቀን ቢሆን አንዴ እንደጮኸ ሞደሙ ይቀበለዋል። አሁን የሚቀበለው የለም። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ቆመ። ትንሽ አረፍ ብሎ እንደገና ጮኸ። እሷ ድምፁን አትሰማውም። ስክሪኗ ላይ የሚወጣላት ቃል ብቻ ነው። "ተይዟል" ቢላት ኖሮ ሰው አለ፣ ቆይተሽ ሞክሪ ማለት ነው፤ ተስፋ አለው። "መልስ የለም" ሲላት ግን ቤቱ ባዶ ነው ማለት ነው። እኔ ያን ቃል ነው የመረጥኩላት።

በላይ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ "አለሽ?" ብሎ ይጽፋል። ፊደሎቹ ፈጥነው ይወጣሉ፤ ኮምፒውተሩ ሌላ ጠረጴዛ የለውማ። "አለሽ?" ስልኩ ይጮሃል። "አለሽ?"

በመሀል ሌላ ሰው ደወለ፤ "ሾፌሩ" የሚባል ቀልደኛ። ሁለተኛው በእሷ ጥሪ ስለተያዘ እሱን ኩባንያው ወደ ሦስተኛው አሻገረው፤ ገባ። በእሷ ላይ ተረማምዶ ገባ ማለት ነው፣ ሳያውቅ።

"ፉጨት! ዛሬ ለግድግዳው ነው የምታፏጨው?" አለው።

"ሰው እየጠበቅኩ ነው።"

"እሷማ ሌላ ቦርድ አግኝታለች በለኛ!"

"ሂድ ወዲያ! ትመጣለች።"

ሾፌሩ ስቆ ወጣ። እኔ እጄን ሁለተኛው ስልክ ላይ አሳረፍኩ። ሲጮህ እጀታው ይንቀጠቀጣል፤ መዳፌ ውስጥ እንደተያዘ ወፍ ነበር። ጥሪው ቆም ሲል እጀታውን ባነሳው፣ ጠረጴዛው ላይ ባጋድመው፣ በሚቀጥለው ጥሪዋ ወደ ሦስተኛው ተሻግራ ትገባ ነበር። ወንድሜ እዚያ ነው። ማንሳት ብቻ። እጄ እዚያው ነበር፤ አላነሳሁም። ደግሞ እኮ ዝምታው ሲረዝም "ተወችው" ብዬ ትንፋሼን ለቀቅኩ። ደስ አለኝ። ከሁሉ ከሁሉ ይህቺ ደስታ ናት የምታሳፍረኝ።

ከዚያ በኋላ አልጮኸም። ሞደሙን መልሼ አበራሁት። እኔ ወደ ሥራ እስክወጣ ድረስ በላይ መስመሩ ላይ ነበረ።

በማግስቱ ጠዋት ቤት መጣ። ዓይኑ አብጧል።

"ጋሼ፣ መስመሩ ይሠራ ነበር?"

"ይሠራ ነበር።"

"ሾፌሩም ገብቷል፤ ሶ ይሠራ ነበር ማለት ነው" አለ ለራሱ። "አልደወለችም?"

"አልደወለችም።"

"ቁጥሯ አንተ ጋ አለ አይደል? ስጠኝ። ዛሬ ነው የሚሄዱት።"

"የሰው ቁጥር አይሰጥም፤ ሕጋችንን ታውቃለህ። እኔ ራሴ እደውልልሃለሁ" አልኩት። ደወልኩ? ሰኞ ደወልኩ። የተቀዳ ድምፅ "ይህ ቁጥር አገልግሎት አይሰጥም" ሲል ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋሁለት፤ አብሬው እንደማዝን ሆኜ።

"ጌታ በሩን ዘግቶታል ወንድሜ፤ ተቀበል" አልኩት።

"አሜን" አለ።

የእኔን እጅ የእግዚአብሔር እጅ አልኩት። እሱም አመነኝ። አሳድጌዋለሁና አመነኝ።

እሷስ ምን አሰበች? ይህን ለማወቅ መማር አያሻም። ምስጢሯን የሚያውቅ ሰው ቦርዱ ላይ እንዳለ ታውቃለች። ለእሱ ልትናገር በቀጠረችው ሰዓት ቤቱ መልስ አልሰጣትም። ነግሮብኛል፣ እሱም ሰምቶ ሸሽቷል ነው የምትለው። ሌላ ምን ትላለች? ስሟ ከዚያ ወዲያ ቦርዱ ላይ አልታየም። በላይ መልእክት ይተውላት ነበር፤ ማንም ሳያነበው ተቀመጠ። በኋላ ኢንተርኔት መጣ፣ ሳምሶን ማሽኑን ነቀለው፣ ስልኮቹ ቆሻሻ ውስጥ ገቡ።

በላይ ሚስት አላገባም። ያቺን ከመዘምራኑ ያየሁለትን ልጅ ሌላ ሰው አገባት። ማፏጨትም ተወ። መቼ እንደተወ አላስተዋልኩም፤ አንድ ቀን መኪና ውስጥ አብረን ስንሄድ ዝምታው ከበደኝ፣ ያኔ ገባኝ። እናቴ ያለችውን ልጅ አቅፌ አልሳምኩም። ልጠብቅለት ብዬ የነፈግኩት እሱኑ ነው።

ከዚያ በስተርጅና ጉሮሮው ታመመ። ሐኪሞቹ ቆርጠው ሲያወጡለት ድምፁ አብሮ ሄደ። ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ሰጡት፤ እየጻፈ ያሳየኛል፣ አነብና እመልስለታለሁ። ከባድ ይመስለኝ ነበር። አልከበደኝም። ሰው ሲጽፍ መጠበቅ ለካ ምንም አይደለም። ድምፅ የሌለው ወንድሜ ያው ወንድሜ ነበር፤ ይቀልድብኛል፣ ይቆጣኛል፣ "ጋሼ፣ ጺምህን ተላጭ" ይለኛል። ዱዳ ለወንድሜ ብዬ የከለከልኩት ሰውዬ፣ ወንድሜን ራሱን እንደዚያ ሆኖ ወደድኩት። ይህን ለማወቅ አንድ ሰው ዕድሜውን ሁሉ፣ የሌሎችንም ዕድሜ ጭምር መጨረስ አለበት?

አንድ ከሰዓት ሰሌዳው ላይ "ጋሼ፣ አሁን እኔም የቦርድ ሰው ሆንኩ፤ የሚያነበኝ እጠብቃለሁ" ብሎ ጻፈ። ሳቅን። ከዚያ ጠረገውና እንደገና ጻፈ።

"ጤዛ ምን ልትነግረኝ ነበር ይመስልሃል?"

መልሱ አፌ ውስጥ ነበረ። ለዚያ ሁሉ ዘመን አፌ ውስጥ ነበረ። ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሎ ጠበቀ። እኔ ሰሌዳውን ከእጁ ወስጄ በእጅጌዬ ጠረግኩት። "አትድከም፤ ተኛ" አልኩት። ያ ስልክ ሁለተኛ ጊዜ ጮኸልኝ፤ ሁለተኛም አላነሳሁም። ብዙም ሳይቆይ ቀበርነው።

ዘመኑ ነው አልልም። አለመማሬ ነው አልልም፤ ሞደም ማጥፋት ፊደል አይጠይቅም። ሰይጣን ነው አልልም፤ እሱን ብዙ ሰው ያመካኝበታል። ቁልፏን የነካው የእኔ ጣት ነው። ይቅርታም ከእናንተ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። በላይን ልለምነው አልችልም።

አሁን ቡሪየን ነው የምኖረው፤ እሷ ከምትደውልበት ሰፈር። በሕይወት ትኑር አትኑር፣ አማርኛ ታንብብ አታንብብ አላውቅም። እውነተኛ ስሟን ጠርቼ ላጋልጣት አይገባኝም። "ልጄ" ለማለትም መብት የለኝም። ይህ ጽሑፍ እጅሽ ከገባ ግን፣ እህቴ፣ ይቺን ብቻ እወቂልኝ።

ምስጢርሽን አልነገርኩትም። እሱም አልሸሸሽም። ያን ቀን የደወልሽበት ቤት ባዶ አልነበረም። እሱ ውስጥ ነበረ፣ "አለሽ?" እያለ ይጽፍ ነበር። ስልኩም ይጮህ ነበር። አንቺ አልሰማሽውም፣ እሱም አልሰማውም። የሰማሁት እኔ ነኝ።